ሞሰን ኢላርዮ በእናቴ ደጃፍ

ካሚዮኑን ቁልቁለቱ ላይ በአንደኛ ማርሽ ነበር የማወርደው፤ ፍሬኑ የሚታመን አልነበረም። ከኋላ፣ መጫኛው ላይ፣ የወንድሜ የፋቢያን አስከሬን በወታደር ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተጋድሟል። ሞሰን ኢላርዮ አጠገቡ ተቀምጠው፣ መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ጭንቅላቱ ከጣውላው እንዳይጋጭ በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ስንነሳ "ከፊት ቦታ አለ፣ ና ግባ" ብያቸው ነበር። "እዚሁ ይሻለኛል" አሉኝ።

ሞሰን በእኛ በአራጎን ገጠር ቄስ የሚጠራበት ማዕረግ ነው። በዚያ ዓመት ግን ቄስን በማዕረጉ መጥራት ቀርቶ ቄስ ሆኖ መገኘትም ያስገድል ነበር። እኛ አናርኪስቶች ማዕረግ የሚባለውን ሁሉ አጥፍተናል። አዛዥ የለንም፣ ተወካይ ነው ያለን። አንቱታ የለም፤ ሽማግሌውም ሐኪሙም "ጓድ" እና "አንተ" ነው። ስንሰናበት "አዲዮስ" እንኳ አንልም፣ የእግዜር ስም አለበት ተብሎ፤ ሰላምታችን "ሳሉድ"፣ ጤና ማለት፣ ነው። ስለዚህ ያኔ ፊት ለፊት አንተ እያልኩ ነበር የማናግራቸው። ዛሬ ስለ እርሳቸው ሳወራ ግን ያ ቃል ከአፌ አልወጣ ይለኛል።

ሰኔ አልፎ ሐምሌ ላይ ጄኔራሎቹ በመንግሥት ላይ ሲነሱ፣ በየመንደሩ የነበረው ቂም ሁሉ አብሮ ተነሳ። የመንደራችንን የቶሬሴካን ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን የእንጨት ምስሎች ተሸክመው አውጥተው አደባባይ ላይ ካቃጠሉት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የዚያን ቀን ሞሰን ኢላርዮን ብናገኛቸው ኖሮ ምን እንደምናደርጋቸው አላውቅም፤ አውቃለሁ እንጂ፣ መናገር አልፈልግም። አላገኘናቸውም። ለካ ግንበኛው ብላስ ከጭድ ማከማቻው ውስጥ ደብቋቸው ኖሯል። ብላስ ከመንደሩ አናርኪስቶች ሁሉ የበለጠ አናርኪስት ነበር፤ ስለ ሃሳቡ ሦስት ጊዜ ታስሯል። መቶ ሰው ሆነን ወደ ግንባር ስንዘምት ተወካያችን አድርገን የመረጥነው እሱን ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ጠዋት ሰማያዊ ቱታና የገመድ ጫማ ያደረገ፣ ጢሙን ያሳደገ ሰው ይዞ መጣና ፊታችን አቆመው።

"ይሄን ሰው የምታውቁት ታውቁታላችሁ" አለ። "ቄስ ነበር። አሁን ቃሬዛ ተሸካሚ ነው። ቅዳሴ የለም፣ ቡራኬ የለም፣ ኑዛዜ መቀበል የለም። በዚህ ቃሉን ሰጥቶኛል። ቃሉን ካፈረሰ ራሴ ወስጄ ለኮሚቴው አስረክበዋለሁ። ቃሉን እስከጠበቀ ድረስ ግን እሱን የነካ እኔን ነካ።"

"ቀሚሱንስ የት ጣለው?" አለ ከባርሴሎና ወደብ የመጣው ጫኝና አውራጅ፣ ኤውዳልድ።

"ሚስቴ የፍየል ቤቱን መስኮት ጋርዳበታለች።"

ሳቅን። እርሳቸውም ሳቁ። ከዚያች ቀን በኋላ ማንም ክፉ አልተናገራቸውም። ኤውዳልድ እመቤታችንን ሳይሰድብ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ የማይችል ሰው ነበር፤ በተሳደበ ቁጥር "ይቅርታ፣ ጓድ ቄስ" ይላል። "ግድ የለም፣ እሷ ከወደብ ሰው ጋር መኖር ለምዳለች" ይሉታል። መጻፍ ለማይችለው ደብዳቤ ይጽፉለታል፣ እግሩ የቆሰለውን ያጥቡለታል፣ ጥይት እየዘነበ ቃሬዛ ይዘው ይወጣሉ። ቃላቸውንም ጠበቁ። አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ለማማተብ እጃቸው ግንባራቸውን ሲነካ አላየሁም። እኔ ደግሞ አይ ነበር። ቆጥሬ እከታተላቸው ነበር ብል ይሻላል።

ቁልቁለቱን ጨርሰን የወይራ ዛፎቹ ጋ ስንደርስ የካሚዮኑ ውሃ ፈላ። አቆምኩና ከጉድጓዱ ውሃ ቀዳሁ። ሞሰን ኢላርዮ ከመጫኛው አልወረዱም። እንፋሎቱ እስኪበርድ የምንጠብቅበት ጊዜ ረዘመብኝ። ከትናንት ጀምሮ ልጠይቃቸው የፈለግሁት ነገር ነበር።

"በልብህስ?" አልኳቸው። "በልብህም አላልከውም?"

ምን እንደምጠይቅ ገባቸው። "ብያለሁ" አሉ። "ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ትንፋሹ እስኪቆም ድረስ ብያለሁ።"

"እንግዲያ በአንተ እምነት ተፈቷል ማለት ነው። እግዜርህ ሰምቷል።"

"እግዜርን መች አልኩህ፣ ሴራፊን። ፋቢያን አልሰማም። እሱ ሊሰማ ነበር የፈለገው።"

ባልዲውን ጉድጓዱ አፍ ላይ ትቼው ሞተሩን አስነሳሁ።

ነገሩ የሆነው በዋዜማው ጠዋት ነበር። ጓዶቻችን ኮረብታውን ለመያዝ ጎህ ሲቀድ ወጥተው፣ ፀሐይ ሳትሞቅ ግማሾቹ ተመትተው ተመለሱ። እኔ ካሚዮኑን ይዤ ከታች ከበጎች በረት አጠገብ ቁስለኛ እጠብቃለሁ። ሞሰን ኢላርዮና ኤውዳልድ ቃሬዛ ይዘው በጦስኙ መሃል እየተንሸራተቱ ሲወርዱ አየሁ። ቃሬዛው ላይ ያለው ሰው ፋቢያን መሆኑን ያወቅሁት በካልሲው ነው፤ እናታችን የሠራችለት ቢጫ ካልሲ ነበር። ሆዱን ነው የተመታው። ሃያ ዓመቱ ነው። ኮረብታ ላይ ፎክሮ የማያውቅ፣ ጠመንጃውን እንኳ እንደተዋሰው ዕቃ ተጠንቅቆ የሚይዝ ልጅ ነበር። ወደ ሚሊሽያው ያመጣሁት እኔ ነኝ።

መሬት አስቀመጡት። ካሚዮኑ ላይ እንጫነው ስል ሞሰን ኢላርዮ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቢነሳ መንገድ ላይ ይሞታል ማለታቸው ነው።

"ሞሰን" አለ ፋቢያን። ጓድ አላለም።

"አለሁ፣ ልጄ።"

"መናዘዝ እፈልጋለሁ።"

ዙሪያችንን አሥር የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ። ሲያጨሱ የነበሩት ማጨሳቸውን ተዉ። ኤውዳልድ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት ያያል። ከሳምንት በፊት በስብሰባ ተነስቼ፣ መድፍ ሲያጓራ የሚያማትቡ ሰዎች አሉ፣ እነዚህ ቀይና ጥቁሩን ሻርፕ ከአንገታቸው ይፍቱ ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ እነዚያው ሰዎች አጨብጭበውልኝ ነበር። አሁን ሁሉም እኔን የሚያዩኝ መሰለኝ። ምናልባት ማንም አላየኝም ይሆናል።

"ምን ልትናዘዝ ነው?" አልኩት። "ማን ትሞታለህ አለህ? ቄስ የሚጠራው የሚሞት ሰው ነው!"

"ሴራፊን፣ እባክህ።"

ሞሰን ኢላርዮ ተንበርክከው ጆሯቸውን ወደ አፉ አስጠጉ። ሽጉጤን መዘዝኩ። ይህን እጄ ነው ያደረገው ማለት እወድ ነበር፤ ግን እኔ ነኝ።

"ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ ካየሁ እዚሁ እደፋሃለሁ" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "አንዲት ቃል ናት" አሉ ቀስ ብለው። "አንዲት 'ይፍታህ' ናት፣ ሴራፊን።"

"ለብላስ የሰጠኸውስ ቃል?"

ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። የፋቢያንን እጅ ይዘው ዝም አሉ። ፋቢያን ከእርሳቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እርሳቸው ያያል። በመጨረሻ ማየቱን ተወ። ፊቱን ወደ በረቱ ግድግዳ አዞረና እዚያው ሞተ። አንድ ሲጋራ ተጨሶ የሚያልቅበት ጊዜ ቢሆን ነው። ሽጉጤን ወደ ቦታው ስመልስ አፎቱን አጣሁት፤ ያስገባልኝ ኤውዳልድ ነው።

ብላስ ሲነገረው እኔን አልተቆጣም። "ወደ እናታችሁ ውሰደው" ብቻ አለኝ። "ሞሰንም አብሮህ ይሂድ። እሷ እሱን ማየት ትፈልጋለች።" ብላስ ሞሰን ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ቶሬሴካ መግቢያ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች የአደን ጠመንጃ ይዘው መንገዱን ይጠብቃሉ።

"ሳሉድ! ምን ጭነሃል?" አለኝ አንዱ።

"ወንድሜን።"

"ፋቢያንን? የኦሮሲያን ትንሹን ልጅ?" እጁ ሳያስበው ወደ ግንባሩ ሄደ። ከመንገድ መለሰውና ጆሮውን አከከ። "ሂድ፣ ልጄ፣ ሂድ። እኔ ቀድሜ ልንገራት እንዴ?"

"አይሆንም።"

መንገር አላስፈለገም። እናቴ የካሚዮኑን ድምፅ ሰምታ ደጃፍ ላይ ቆማለች። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ጥቁር ነው የምትለብሰው። ሞሰን ኢላርዮ ከመጫኛው ላይ ሲወርዱ፣ ከዚያ ደግሞ የተጠቀለለውን አስከሬን ልናወርድ ስንዞር አየች። አልጮኸችም። እህቴ ፓስኳላ ናት የጮኸችው።

"የቱ ነው?" አለች እናቴ፤ እኔ ፊቷ ቆሜ እያለሁ። ከዚያ ሁለተኛ ጊዜ አየችኝና "ፋቢያን ነው" አለች።

አልጋዋ ላይ አስተኛነው። በር ዘግታ ከፓስኳላ ጋር አጠበችው፤ የእሑድ ሸሚዙን አለበሰችው። ስትጨርስ በሩን ከፈተችና ወደ ደጅ ተጣራች።

"ሞሰን! ምነው ከውጭ ቆሙ? ይግቡ እንጂ። በእኔ ቤት እርስዎ ምንጊዜም ሞሰን ነዎት፤ እነዚህ የሚሉትን ይበሉ።"

ገቡ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። አሥራ ሁለት ዓመት የመንደራችን ቄስ ነበሩ። ፋቢያንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያቆረቡት፣ አባታችንን የቀበሩት እርሳቸው ናቸው። እናቴ ለእርሳቸው ወንበር ስባ እርሷ ቆመች።

"ሲሞት አጠገቡ ነበሩ?"

"ነበርኩ፣ ኦሮሲያ።"

"እሰይ። እንግዲያ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅዎት፤ ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ። ተናዝዟል?"

ከአልጋው ራስጌ ቆሜያለሁ። አዎ በላት አልኩ በልቤ። አዎ በላት፣ አንዲት ውሸት ናት፣ ማን ይጎዳል። ለማን እንደምለው አላውቅም፤ በአዋቂነቴ የጸለይኩት ያኔ ብቻ ነው።

"አልተናዘዘም" አሉ ሞሰን ኢላርዮ።

"ድንገት ሞተ ነው የሚሉኝ?"

"አይደለም። ጊዜ ነበረው።"

"አልፈለገም? ልጄ?"

"ፈልጓል። በአፉ ጠይቆኛል።"

እናቴ በእጇ የያዘችውን እርጥብ ጨርቅ ታጣምመዋለች፤ ውሃው በጣቶቿ መሃል ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። "ጠየቀዎት" አለች። "እርስዎስ?"

"ዝም አልኩ።"

"ለምን?"

ዓይናቸው ወደ እኔ ይዞራል ብዬ ጠበቅሁ። አልዞረም። እናቴን ብቻ ነበር የሚያዩት።

"ፈራሁ" አሉ።

ፓስኳላ ማልቀሷን ተወች።

"አሥራ ሁለት ዓመት እጅህን ስሜያለሁ" አለች እናቴ። "አሥራ ሁለት ዓመት። ሲፈልጉህ ለአንተ ዳቦ ደብቄ ለብላስ ሚስት ያቀበልኩ እኔ ነኝ። ውጣ።"

እናቴ በሕይወቷ ቄስ አንተ ብላ አታውቅም። እኛ በስብሰባና በጭብጨባ ከአፏ ልናስወጣው ያልቻልነውን አንቱታ በእኔ ፊት ጣለችው። ሞሰን ኢላርዮ ከወንበሩ ተነሱ። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት።

"ውጣ አልኩህ! አንተ ቄስም አይደለህ፣ ሰውም አይደለህ። ከልጄ አልጋ ራቅ!"

ወጡ። እኔም አፌን ከፍቼ ነበር። እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ሽጉጥ ደግኜበት ነው። የምላት ይህችው ናት፤ ሌላ ቃል አያስፈልጋትም። እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ ሁለት እጇን አንገቴ ላይ ጥላ ግንባሯን ደረቴ ላይ አደረገች። "አንተ ብቻ ቀረኸኝ" አለች። አፌን ዘጋሁ። ከቀብር በኋላ እነግራታለሁ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ቀበርነው፤ ያለ መስቀል፣ ቀይና ጥቁር ባንዲራ ለብሶ። እኔ ንግግር አደረግሁ። ምን እንዳልኩ ማስታወስ አልፈልግም። ሞሰን ኢላርዮ ከመቃብሩ አጥር ውጭ፣ ካሚዮኑ አጠገብ ቆመዋል። ወሬው መንደሩን አዳርሶ ነበርና ሴቶቹ ሲያልፉ ፊታቸውን አዞሩባቸው፤ አንዷ እግራቸው ሥር ተፋች። እስከዚያ ቀን ድረስ በድብቅ እንቁላልና ጨው ሲልኩላቸው የነበሩ ሴቶች ናቸው።

ወደ ግንባር ስንመለስ ከፊት ከእኔ ጋር ተቀመጡ። የወይራ ዛፎቹን አልፈን ዳገቱን ጀመርን።

"ለምን እንደዚያ አልካት?" አልኳቸው።

"ውሸት ተናገርኩ?"

"እኔ ነኝ የከለከልኩህ። ሽጉጥ ይዤ።"

"አንተ ሽጉጥ ይዘሃል። የፈራሁት ግን እኔ ነኝ። ስንት ቄስ ነው በዚህ ዓመት ሽጉጥ እያየ 'ይፍታህ' ብሎ የሞተ። እኔ ለብላስ የሰጠሁትን ቃል ምክንያት አደረግሁ።" ቀጥለውም "በአንድ ቀን ሁለት ልጅ እንድታጣ አልፈለግሁም" አሉ። "አንተ ራስህ የምትነግራት ቀን ይመጣል። ያ ያንተ ፈንታ ነው፤ እኔ አልቀማህም።"

ያ ቀን አልመጣም፤ ማለቴ አላመጣሁትም። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከአራት ወር ዱቄትና ጥይት ስጭን በቶሬሴካ ስምንት ጊዜ አልፌያለሁ። ስምንቱንም ጊዜ እናቴ ቤት በልቻለሁ። ምስር በዘይት ሠርታ ታቀርብልኝና "ያ ሰውዬ አለ?" ትለኛለች። "አለ" እላታለሁ። "እድሜ የሚሰጠው ለእንዲህ ያለው ነው" ትላለች። ማንኪያዬን አስቀምጬ ልነግራት እልና፣ ዛሬ ደክሟታል፣ ዛሬ ፓስኳላ አለች፣ ዛሬ ብላስ መሞቱን ሰምታለች እያልኩ ምስሬን እበላለሁ።

ጦርነቱ ሁለተኛ ዓመቱን ሊደፍን ጥቂት ወር ሲቀረው፣ በመጋቢት፣ ግንባሩ ተሰበረ። የሚራመደው ሁሉ ወደ ፈረንሳይ ድንበር ጎረፈ። የእኛ ቁስለኞች አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበሩ። ካሚዮኔ የሚችለውን ጭኖ ሰባት ሰዎች ቀሩ፤ ቢነሱ የማይተርፉ ነበሩ። ሞሰን ኢላርዮ ከሰባቱ መሃል ውሃ እያጠጡ አገኘኋቸው።

"ና ውጣ፣ ከፊት ቦታ አስቀርቼልሃለሁ።"

"ለቁስለኛ ስጠው።"

"የጄኔራሎቹ ወታደሮች ይገድሉሃል እኮ! ለእነሱ አንተ የእኛ ሰው ነህ።"

"የእናንተ ሰው መሆኔን ገና ዛሬ መንገርህ ነው?" አሉና ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። "ኦሮሲያን ነገርካት?"

"አልነገርኳትም።"

"እሺ" አሉ። አልወቀሱኝም። ኩባያውን ይዘው ወደሚቀጥለው ቁስለኛ ዞሩ።

ቀሪውን የማውቀው በደብዳቤ ነው። ፈረንሳዮች ባሕር ዳር አሸዋ ላይ በሽቦ አጥረው ሲያስቀምጡን፣ ጦርነቱ በጄኔራሎቹ አሸናፊነት ባለቀ በጋ፣ የፓስኳላ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሞሰን ኢላርዮን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይዘዋቸዋል። ከቀዮች ጋር ያገለገለ ቄስ ብለው ፍርድ ፊት አቁመዋቸዋል። ለቤተ ክርስቲያን ታማኝ ከሆነ የመንደር ሰው በጎ ምስክር ቢቀርብላቸው ሊለቀቁ ይችላሉ ተብሎ፣ የንስሐ ልጆቻቸው እንዲጠየቁ ሰው ወደ ቶሬሴካ ተልኳል። የተላከው ሰው ከሁሉ በፊት የመጣው ወደ እናቴ ነው፤ ከእሷ የበለጠ ጸሎተኛ በመንደሩ የለም። "ልጄ ሲሞት ኑዛዜ ለምኖ የከለከለ ነው" ብላ ነገረችው፤ የምታውቀውን። ይህ ከተጻፈ በኋላ ሌላ ሰው ሊመሰክርላቸው አልደፈረም። አሥራ ሁለት ዓመት ፈረዱባቸው።

በዚያው ቀን መጻፍ ይገባኝ ነበር። ደብዳቤ ይከፈታል፣ ቤተሰቤን አስጠይቃለሁ እያልኩ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። እውነትም ይከፈት ነበር። የቆየሁት ግን ለዚያ አልነበረም።

በመጨረሻ ጻፍኩ። በረቱን፣ ሽጉጡን፣ ፋቢያን ፊቱን ያዞረበትን ግድግዳ፣ ሁሉንም። ፓስኳላ አነበበችላት። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ ሁለተኛ እንድታነብላት ጠየቀች። ከዚያ ጥቁር ሻሿን አስራ፣ ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ከትታ፣ አሥራ አንድ ኪሎሜትር በእግሯ ወደ እስር ቤቱ ሄደች። በሩ ላይ ላለው ጸሐፊ "ውሸት መስክሬያለሁ፣ ቃሌን ልመልስ መጣሁ" አለችው። ጸሐፊው መዝገቡን አገላብጦ ስሙን አገኘው። የታይፈስ በሽታ ገብቶ ነበር። ሞሰን ኢላርዮ ከሞቱ አሥር ቀናቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ካምፑ ተዘግቶ እዚያው ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ ውስጥ ሥራ ካገኘሁ ወዲህ በየወሩ እጽፍላት ነበር፤ የምትመልስልኝ ፓስኳላ ናት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወይራው፣ ስለ እናቴ ጉልበት ትጽፍልኛለች። አንድ ጊዜ፣ እኔ ሳልጠይቃት፣ እናቴ ማታ ማታ ስለምትጸልየው ጸሎት ጻፈችልኝ። በስም የምትጠራቸው ሦስት ናቸው፤ አባታችን፣ ፋቢያን፣ ሞሰን ኢላርዮ። ያንተን ስም የማትጠራው የምትጸልየው ለሞቱት ስለሆነ ነው ትላለች ፓስኳላ። እህቴ ሁልጊዜም ደግ ናት።